ለጮቄ የሚሆን ቀላል ድንኳን፦ የትኛውን ላስመጣ?

የማርቆሱ መንገደኛ

እንዴት ናችሁ ወገን። ጥቅምት መጨረሻ ላይ እኔና ጓደኛዬ ከሮብ ገበያ ከተማ ተነስተን የጮቄን ተራራ በእግር ልናይ አስበናል። በቅሎም አህያም አንከራይም፣ ጓዛችን በጀርባችን ነው። ሁለት ሦስት ሌሊት ውጭ እናድራለን። የአክስቴ ልጅ ለመስቀል ከአሜሪካ ይመጣልና «ሻንጣዬ ውስጥ ቦታ አለ፣ የምትፈልገውን እዘዘኝ» ብሎኛል። ዕድሉ አንድ ጊዜ ስለሆነ በደንብ መርጬ ልዘዘው ብዬ ነው።

ከብዙ ማገላበጥ በኋላ ሦስት ቀርተውኛል፦ ዱርስተን ኤክስ-ሚድ 2፣ ኤምኤስአር ሃባ ሃባ 2 እና ኔቸርሃይክ ክላውድ አፕ 2። የመጀመሪያው ወደ 1 ኪሎ፣ ሁለተኛው ወደ 1 ኪሎ ተኩል፣ ሦስተኛው ከ2 ኪሎ ትንሽ ዝቅ ይላል። ዋጋው ግን በክብደታቸው ቅደም ተከተል አይሄድም፤ ከባዱ ርካሽ ነው፣ ውዱ ደግሞ መካከለኛው ሃባ ሃባ ነው። የጮቄን ንፋስ የሚችል፣ ግን ጀርባ የማይቆርጥ የትኛው ነው? የሞከራችሁ አስተያየት ስጡኝ።

ጋሼ ሸራ

ልጄ፣ እኛ ከብት ስንጠብቅ ድንኳን የሚባል ለሰርግና ለለቅሶ ነበር የምናውቀው። ሸራ ተራ ሂድና ጠንካራ ሸራ አስቆርጥ፣ ገመድ ጨምር፣ አህያ ተከራይ፣ አለቀ። ለ1 ኪሎ ጨርቅ ያን ሁሉ ዶላር? በዚያ ገንዘብ በግ ገዝተህ ስናን ወረዳ ሰው ቤት ብትገባ አልጋቸውን ለቀው ነው የሚያስተኙህ።

ቀላል ጓዝ

ጋሼ፣ በጉን ማን ይጠላል። ልጁ ግን በእግሩ ልሂድ ብሏል።

መንገደኛው፣ የተጻፈውን ክብደት አይተህ ብቻ አትዘዝ። ሻጮች ሁለት ዓይነት ክብደት ነው የሚያወጡት። አንዱ የውስጡን፣ የላዩን ሽፋንና ዘንጉን ብቻ የሚቆጥር ነው፤ ካስማና ገመድ፣ መያዣ ከረጢትም የለበትም። ሌላው ሁሉንም የያዘ ነው። በትልቁ የሚጻፈው የመጀመሪያው ነው፣ አንተ የምትሸከመው ግን ሁለተኛውን። ኤክስ-ሚዱ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ የራሱ ዘንግ የለውም። በሁለት የእግር ጉዞ ዱላዎች ነው የሚቆመው። ዱላ ይዘው ለሚሄዱ ሰዎች የተሠራ ስለሆነ ለእነሱ እውነትም ቀላል ነው። እናንተ ዱላ ካልያዛችሁ ግን እሱንም ጨምራችሁ መግዛት ነው፣ ሒሳቡ ይለወጣል።

ጨርቁን በተመለከተ፣ ሦስቱም ወደ 20 ዲኒየር (የክር ውፍረት መለኪያ ነው) የሚጠጉ ስስ ጨርቆች ናቸው። ሃባ ሃባውና ክላውድ አፑ ናይለን፣ ኤክስ-ሚዱ ፖሊስተር። ናይለን እርጥበት ይጠጣል፣ ሲጠጣም ይለጠጣል። ማታ እንደ ከበሮ ወጥረኸው የተኛኸው ድንኳን እኩለ ሌሊት ላይ ረግቦ እየተርገበገበ ይቀሰቅስሃል፤ ወጥተህ ገመዱን እንደገና መሳብ ነው። ፖሊስተር ይህን ጣጣ ብዙም አያውቅም፣ ፀሐይንም የተሻለ ይችላል። መቀደድን በመቋቋም ግን በእኩል ክብደት ናይለኑ ይበልጠዋል። ሁሉን የሚያሟላ ጨርቅ የለም። ዳይኒማ የሚባለው ውሃ ጨርሶ የማይጠጣው አለ፣ ዋጋውን ብነግርህ ግን ጋሼ ከዚህ ውይይት ይወጣሉ።

የጓሳው ልጅ

እኔ ያደግሁት ከጮቄ ሥር ነው። ስለ ጨርቁ የሚያውቁት ይንገሩህ፣ እኔ ስለ ቦታው ልናገር።

ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የጮቄ አናት 4,000ን ያልፋል። ሽቅብ በወጣህ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። ስለዚህ ማርቆስ ላይ በሹራብ የምታመሸውን ምሽት 10 ዲግሪ ቀንስበትና እላይ ምን እንደሚመስል አስበው። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ጥርት ሲል ደግሞ ውርጩ ይመጣል። ጥቅምትና ኅዳር ጠዋት ጓሳው፣ ማለትም የደጋው ሣር፣ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው፤ ውጭ የተረሳ የባልዲ ውሃ አናቱ ላይ እንደ መስታወት የሳሳ በረዶ ይይዛል።

ንፋሱ የሚያስቸግረው ጀርባው ላይ፣ ማለትም ራቁቱን በቆመው ተራራ ላይ ነው። ጅብራ የሚባለው ተክል ብቻ ተገትሮ በሚታይበት ሜዳ ላይ አትትከሉ። ትንሽ ዝቅ ብላችሁ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ያለበትን ፈልጉና ከጀርባው ተጠለሉ። በጣም ወርዳችሁ ወንዝ ዳር ደግሞ አትተኙ፤ ቀዝቃዛው አየር ሌሊት ቁልቁል ይወርድና እዚያው ይተኛል፣ ጤዛውም የከፋ ነው። መካከሉን ያዙ።

ሌላው፣ ጓሳው ከሩቅ ሲያዩት ለጥ ያለ ሜዳ ይመስላል። ሥሩ ግን ጉብታ ጉብታ ነው፣ ከመካከሉም ውሃ የቋጠረ ረግረግ አለ። ድንኳን ከመዘርጋታችሁ በፊት በጀርባችሁ ተንጋላችሁ ሞክሩት። ሰፊ ድንኳን ከያዛችሁ ለጥ ያለ ቦታ ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ትዞራላችሁ፤ ስለዚህ ከታች የሚይዘው ቦታ ጠበብ ያለ ድንኳን ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ግን የመንገዱን ሁኔታ የሮብ ገበያን ሰዎች ጠይቁ። መሬቱም የግጦሽ መሬት ነው፣ ባለቤት አለው። እረኛ ወይ ሽማግሌ አግኝታችሁ «እዚህ ብናድር ይሆናል ወይ» ሳትሉ አትትከሉ። ከጠየቃችሁ እሳት ይዘው መጥተው ያጫውቷችኋል።

ዘንገና

ማንም ያላነሳውን ላንሳ፤ ላብ። የእናንተ ሳይሆን የድንኳኑ።

ባለ አንድ ሽፋን ድንኳን አለኝ፣ በጣም ቀላል ነው፣ ዘንገና ሐይቅ አካባቢ በበጋ ስወጣ እወደዋለሁ። ከእህቴ ጋር ጮቄ ይዘነው ወጣን። ሁለት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሳል፣ ትንፋሹ የቀዘቀዘውን ጨርቅ ሲነካ ውሃ ይሆናል፣ ውሃው ወደ ንጋት ይረጋል። ሊነጋጋ ሲል ባትሪ ሳበራ ጣሪያው በውስጥ በኩል ስኳር የተነሰነሰበት መስሏል። እህቴ ለመውጣት ዚፑን ስትስበው ጨርቁ ተንቀጠቀጠና ያ ሁሉ ብናኝ በረዶ አንገቴ ውስጥና ስሊፒንግ ባጌ ላይ ረገፈ። ፀሐይ ሲወጣ ቀለጠ፣ ስሊፒንግ ባጉ ረጠበ፣ የሚቀጥለው ሌሊት እንዴት እንዳለፈ አልነግራችሁም።

ስለዚህ ባለ ሁለት ሽፋን ይሁን። እንደማየው ሦስቱም ባለ ሁለት ሽፋን ናቸውና ደህና መርጠሃል። ኤክስ-ሚዱን ካዘዝክ ግን ውስጡ ድፍን ጨርቅ የሆነውን እዘዝ እንጂ መረቡን አይደለም። መረብ ለቆላ ነው፣ ጮቄ ላይ ንፋሱ ከሥር ገብቶ ፊትህ ላይ ያድራል። የአየር ማስገቢያውንም በርዶኛል ብለህ አትዝጋው። ከዘጋኸው ባለ ሁለት ሽፋኑም ያልበዋል።

የማርቆሱ መንገደኛ

ወይ ጉድ፣ ይህን ሁሉ ማን ያስባል! አመሰግናለሁ ዘንገና። ጓሳው ልጅ፣ አንተ ደግሞ አስፈራርተኸኛል፣ ግን እሽ።

ሁለት ጥያቄ ልጨምር። አንደኛ፣ ውሃ የመቋቋም ቁጥር የሚባለው። ሃባ ሃባው ላይ 1,200 ሚሊ ሜትር ይላል፣ ርካሾቹ ላይ 3,000 እና 4,000 ሲሉ አያለሁ። ርካሹ ነው የሚበልጠው ማለት ነው? ሁለተኛ፣ ኤክስ-ሚዱን በጎጃም ዱላ ማቆም አይቻልም? ቤት ሁለት አሉ።

ጋሼ ሸራ

አሁን ገና የሰው ልጅ ጥያቄ ጠየቅህ።

ቀላል ጓዝ

ቁጥሩ ማለት ጨርቁ ላይ የውሃ ዓምድ ቢቆም ስንት ሚሊ ሜትር እስኪደርስ ሳያፈስ ይቆያል ማለት ነው። 1,200 ማለት የ1 ሜትር ከ20 ውሃ ክብደት ይችላል ማለት ነው። ለላይኛው ሽፋን ዝናብ ከዚያ የበለጠ አይገፋም፣ ይበቃል። ከፍ ያለ ቁጥር የሚያስፈልገው ወለሉ ነው፤ በጉልበትህ ስትንበረከክ የረግረጉን ውሃ ወደ ላይ የምትጨምቀው እዚያ ላይ ነው። ደግሞ ቁጥሩ የአዲስ ጨርቅ ቁጥር ነው። ከሁለት ክረምት በኋላ ስንት እንደሚቀር የሚጽፍ የለም። ስለዚህ 4,000 የተባለው ከ1,200ው ይሻላል ብለህ አትደምድም፤ የሚያፈሰው ብዙ ጊዜ ጨርቁ ሳይሆን ስፌቱ ነው።

ዱላውን በተመለከተ፣ ይቻላል። ኤክስ-ሚዱ የሚፈልገው ወደ 1 ሜትር ከ20 የሚሆን ነገር ነው፣ ዱላህ ግን ከዚያ የሚረዝም ይመስለኛል። አስረዝመህ ብታቆመው ጨርቁ ከመሬት ይነሳና ንፋስ ያስገባል። ቆርጠህ ብታሳጥረው ደግሞ አባትህ ምን እንደሚሉህ አንተ ታውቃለህ። ጫፉም ወፍራም ስለሆነ ጨርቁን እንዳይበሳው በጨርቅ መጠቅለል አለበት። እኔ ብሆን ለጮቄ አልሞክረውም።

ሰፊው

ማርቆስ ውስጥ ስፌት ላይ ነው ያለሁት፤ ቦርሳም ድንኳንም ሲበላሽ ወደኔ ይመጣል። ሲበላሹ የማየውን ልንገራችሁ።

የፋይበርግላስ ዘንግ ሲሰበር በቁመቱ ተሰንጥቆ ነው፣ ስንጥሩ እጅ ይወጋል፣ ጨርቁንም ይቀደዋል። መጠገኛ የለውም፣ መቀየር ነው። የአሉሚኒየም ዘንግ ብዙውን ጊዜ ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም። ቢሰበር እንኳ ከላዩ የምትሰካ አጭር ቱቦ ትያዝና በፕላስተር ጥፍር አድርጎ ማሰር ነው። ይህች ቱቦ ከዕቃው ጋር ካልመጣች ከድሮ የቴሌቪዥን አንቴና ላይ አንድ ስንዝር ቆርጬ እሠራላችኋለሁ። ዘንጉ ውስጧ ልክክ ብሎ መግባት አለበት፣ ስለዚህ ዘንጉን ይዛችሁ ኑ።

ስፌቱን በተመለከተ፣ ውስጡን ገልብጣችሁ እዩ። ስፌቱ ላይ ግልጽ ቴፕ ከተለጠፈበት ፋብሪካው ዘግቶታል ማለት ነው። በሁለቱም በኩል ሲሊኮን የተቀባ ጨርቅ ከሆነ ግን ቴፕ አይይዘውም፤ በሲሊኮን ማሸጊያ በብሩሽ መቀባት ነው ያለው። ሲሊኮን የተቀባ ጨርቅ ላይ ከሲሊኮን በቀር ሌላ ሙጫ አይነካካም፣ ብዙ ሰው በጫማ ሙጫ ሞክሮ ያመጣልኛል።

ሌላው፣ እርጥቡን ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ መወርወር። ውሃ እንዳያስገባ ጨርቁ ላይ የተቀባው የፖሊዩሪቴን ቅባት በእርጥበት ይፈርሳል፤ መጀመሪያ ይጣበቃል፣ የመረረ ሽታ ይሸታል፣ ቀጥሎ እንደ ቆዳ ይላጣል። አንዴ ከተላጠ እኔም አላድነውም። ከጮቄ ስትመለሱ ገመድ ላይ አስጡት፣ ግን ጥላ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ አይደለም።

ዚፑ ደግሞ ሲያስቸግር በጉልበት አትሳቡት። የሚያልቀው ጥርሱ ሳይሆን ራሱ የሚሳበው ብረት ነው። እሱን መለወጥ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ጥርሱ ከወለቀ ግን ሙሉውን መቀየር ነው።

ጋሼ ሸራ

ሰፊው አንተ ደህና ሰው ነህ። ልጆች፣ ድንኳኑን ከተከላችሁ በኋላ ዙሪያውን በዶማ ቦይ ማውጣት እንዳትረሱ። ዝናብ ቢመጣ በቦዩ ይሄዳል።

የጓሳው ልጅ

ጋሼ፣ በአክብሮት እቃወማለሁ። ያ የድሮ ነው። ጓሳው አንዴ ሥሩ ከተቆረጠ ቶሎ አይመለስም፣ ቦዩ በቀጣዩ ክረምት ጎርፍ ይዞ ቦረቦር ይሆናል። ከጮቄ ስንት ወንዝ ነው ወደ ዓባይ የሚወርደው፤ አፈሩም አብሮ ነው የሚሄደው። ትንሽ ከፍ ያለ፣ ውሃ የማይተኛበት ቦታ ከመረጡ ቦይ አያስፈልግም። ዶማስ ማን ይሸከማል?

ጋሼ ሸራ

እሽ እሽ፣ ተወው ቦዩን። አህያ ቢኖር ግን ዶማውን እሱ ይሸከም ነበር።

ቀላል ጓዝ

ስለ ካስማ ማንም አልተናገረም፣ ጮቄ ላይ ግን ድንኳኑን የሚጥለው ወይ የሚያቆመው እሱ ነው። ከድንኳኑ ጋር የሚመጣው ካስማ ብዙ ጊዜ አጭርና ቀጭን ነው፤ ለጠንካራ መሬት ደህና ነው። እላይ ያለው ጥቁር አፈር ግን የረጠበና ልፍስፍስ ነው፣ ቀጭን ካስማ ከቅቤ ውስጥ እንደሚወጣ ቢላ ነው የሚመዘዘው። ስምንት ያህል ረዘም ያሉ፣ አገዳቸው ባለ ሦስት ጠርዝ የሆኑትን ለብቻ አስመጣ። ወደ ድንኳኑ ሳይሆን ወደ ውጭ አዘንብለህ፣ እስከ አንገቱ ቅበረው። አፈሩ ካልያዘልህ ገመዱን በድንጋይ ጠቅልል።

ብዙ ሰው «በራሱ የሚቆም» የሚለውን ቃል ሲያይ ካስማ አያስፈልገውም ይላል። በራሱ ይቆማል፣ በንፋስ ደግሞ በራሱ ይሄዳል። ክላውድ አፑ በእግር በኩል ያሉት ሁለት ጥጎቹ ካልተቸከሉ በደንብ አይዘረጋም፣ ዘንጉ እንደ ዋይ (Y) ቅርጽ ስለሆነ ወደ እግር የሚወርደው አንድ ብቻ ነው። ያንን ዝቅ ያለውን የእግር ጫፍ ወደ ንፋሱ አዙረው፣ በሩን ወደ ተቃራኒው። ከድንኳኑ ጎን ያሉትን ትርፍ ገመዶች ሁሉ ዘርጋቸው። ገመዶቹ ላይ ነጭ ጨርቅ እሰርባቸው፤ በግና ፈረስ ሌሊት ይደናቀፍባቸዋል፣ ቀን ደግሞ የእረኛ ልጆች እየሮጡ።

ዘንገና

ትክክል። አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ይህ ሁሉ ስለ ድንኳን ነው። ድንኳን አያሞቅም። ከንፋስና ከውርጭ ይከልላል እንጂ ውስጡ ከውጭው በጥቂት ዲግሪ ነው የሚሻለው። ቅዝቃዜው የሚገባው ከታች ነው። የምትተኙበት ምንጣፍ ቅዝቃዜን ምን ያህል እንደሚከላከል የሚያሳይ «አር ቫሊዩ» የሚባል ቁጥር አለው፣ ለጮቄ 4 እና ከዚያ በላይ ፈልጉ። ሃባ ሃባ ገዝተህ በስስ ስፖንጅ ብትተኛ ድንኳኑን እያደነቅህ ስትንቀጠቀጥ ታድራለህ። የኔ ምክር፣ ከሦስቱ ርካሹን ግዛና የተረፈህን ሁለት ደህና ምንጣፍ አድርገው።

ቀላል ጓዝ

በዚህ አልስማማም። ርካሹ ዛሬ ርካሽ ነው፤ ሃባ ሃባው ዘንጉ ከተበላሸ መለዋወጫ ይገኝለታል፣ ሁለት በርና ሁለት በረንዳ ስላለው ሌሊት ሽንት ሲመጣ ጓደኛህን ረግጠህ አትወጣም። ክላውድ አፑ በሩ አንድ ነው፣ ቁመቱም 1 ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ረጅም የጎጃም ሰው ተቀምጦ ልብስ ልቀይር ቢል አንዱ መውጣት አለበት።

ዘንገና

ለሦስት ሌሊት አንዱ ይውጣ!

የማርቆሱ መንገደኛ

ከአክስቴ ልጅ ጋር ደወልን፣ ሒሳብም ሠራን። ዱላ ስለማንይዝ ኤክስ-ሚዱን ትቼዋለሁ፣ ቆንጆ ነገር መሆኑ ግን አልጠፋኝም። ሃባ ሃባውን ከወሰድኩ ለምንጣፍ ገንዘብ አይተርፈኝም። ስለዚህ ክላውድ አፑን፣ ባለ 20 ዲኒየሩን፣ ሁለት ደህና ምንጣፍና ስምንት ረዣዥም ካስማ አዝዣለሁ። ቀላል ጓዝ ይቅር በለኝ። የድንኳኑ ክብደት ለሁለት ተከፍሎ፣ እሱ የውስጡንና ዘንጉን፣ እኔ የላዩን ሽፋንና ካስማውን እንይዛለን።

የጋዝ ምድጃ ጣሳም አምጣልኝ ብዬው ነበር፣ በአውሮፕላን አይቻልም አለኝ።

ቀላል ጓዝ

ልክ ነው፣ በእጅም በሻንጣም ክልክል ነው። ምድጃውን ብቻ ያምጣ፣ ባዶ ከሆነና ካልሸተተ። ጣሳውን ግን እዚህ ማግኘትህን አረጋግጥ፣ አለበለዚያ ምድጃው ጌጥ ነው የሚሆነው። ምርጫህ መጥፎ አይደለም፣ ካስማውን ስላሰብክ ይቅር ብዬሃለሁ። ዕቃው እንደገባ ግን ቤት ውስጥ አታስቀምጠው፤ ንፋስ ያለበት ቀን መርጣችሁ ሜዳ ላይ ትከሉት፣ ከዚያ በጨለማ በባትሪ ደግማችሁ ትከሉት። ጥቅሉ ውስጥ የጎደለ ካለ ጮቄ ላይ ሳይሆን ማርቆስ ላይ እወቁት።

ሰፊው

ስትተክሉት ጥሩኝ፣ ስፌቱን በዓይኔ ላየው። በባልዲ ውሃ እናፈስበታለን።

ባለ አራት ልጅ

ውይይታችሁን ተከታተልኩት፣ ጥሩ ነው። እኔ ለጥምቀት ቤተሰቡን ይዤ ጣና ዳር ላድር አስባለሁ፣ ስድስት ነን። ክላውድ አፑ ለስድስት የሚሆን አለው?

ቀላል ጓዝ

ወንድሜ በመኪና ነው የምትሄደው? በመኪና ከሆነ ክብደቱን እርሳው፣ ቁመት ያለው፣ ቆመው ሱሪ የሚለብሱበት ትልቅ ድንኳን ፈልግ፣ ለጣና ደግሞ ትንኝ የማያስገባ መረብ ያለው ይሁን። ለብቻው ጥያቄ ክፈትበት፣ እዚያ እንነጋገራለን።

ጋሼ ሸራ

ለስድስት ሰው ከሆነማ ሸራ ተራ ነው።